የጄኔራሎቹ ታንክና የተረሱት ፈረሶች

ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን የወረረችበት ዘመቻ ሲወሳ በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና ድቅን የሚለው ታንክ ነው። አቧራ እያስነሣ የሚገሰግስ የብረት ጎርፍ፣ ከበላዩ የሚያጓራ አውሮፕላን፣ ከፊት ደግሞ መነጽር በአንገቱ ያንጠለጠለ ጄኔራል። ይህን ሥዕል ማን ሣለልን? የናዚዎቹ የዜና ፊልም አለበት። በኋላ የተሠሩት የጦር ሜዳ ፊልሞችም አሉበት። ከሁሉም ይበልጥ ግን የተሸነፉት ጄኔራሎች ራሳቸው ከጦርነቱ በኋላ ቁጭ ብለው የጻፏቸው መጻሕፍት አሉበት። ታሪክን አሸናፊ ይጽፈዋል ሲባል ኖሯል። እዚህ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ተሸናፊው ጻፈ፣ ከአሸናፊዎቹም ምዕራባውያኑ አመኑት።

ከእነዚህ መጻሕፍት ሁለቱ ዛሬም ገበያ አላቸው። አንደኛው ሃይንዝ ጉደሪያን እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመው «የአንድ ወታደር ትዝታዎች» ነው። ሁለተኛው ኤሪክ ፎን ማንሽታይን በ1955 ያወጣው «የጠፉ ድሎች» ነው። ሁለቱንም በእንግሊዝኛ ትርጉም ያነበቡ በእኛም አገር ጥቂት አይደሉም። ይህ ጽሑፍ መጻሕፍቱን ከአንድ ደረቅ ሰነድ ጎን አስቀምጦ ለማንበብ ይሞክራል። ሰነዱ እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 1941 ማለዳ የጀርመን ጦር እንዴት ተደራጅቶ ድንበሩ ላይ እንደቆመ የሚያሳየው የጦር ምድብ ሠንጠረዥ ነው። ሃያሲ ከሠንጠረዥ ጋር ምን አገናኘው? የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። ግለ ታሪክ የሚመዘነው በተረከው ብቻ አይደለም፤ ዘሎ ባለፈውም ጭምር ነው። የተዘለለውን ለማወቅ ደግሞ በቦታው ምን እንደነበረ መቁጠር ያስፈልጋል።

ሠንጠረዡ ምን ይላል?

ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 15 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ከገቡ ገና ሰባት ሳምንት አልሞላም። በዚያው ማለዳ ከባልቲክ ባሕር እስከ ጥቁር ባሕር ከሦስት ሚሊዮን በላይ የጀርመን ወታደር ተሰልፏል። ሰልፉ በሦስት ታላላቅ የሠራዊት ቡድኖች የተከፈለ ነው።

የሰሜኑን ፊልድ ማርሻል ፎን ሌብ ይመራዋል፤ መድረሻው ሌኒንግራድ ነው። በሥሩ 16ኛውና 18ኛው ጦር፣ ከእነርሱም ጋር የሆፕነር 4ኛ የታንከኛ ቡድን አሉ። የማዕከሉን ፎን ቦክ ይመራዋል፤ በሚንስክና በስሞሌንስክ አድርጎ ወደ ሞስኮ የሚያመራው እርሱ ነው። ከሁሉ የበረታው ይኸው ሲሆን 4ኛውና 9ኛው ጦር፣ የጉደሪያን 2ኛና የሆት 3ኛ የታንከኛ ቡድኖች ተሰጥተውታል። የደቡቡ የፎን ሩንድሽቴት ነው። 6ኛው፣ 17ኛውና 11ኛው ጦር ከክላይስት 1ኛ የታንከኛ ቡድን ጋር ወደ ኪየቭ ያቀናሉ፤ የሮማንያ ሠራዊትም ከጎናቸው ተሰልፏል። ለእያንዳንዱ የሠራዊት ቡድን የራሱ የአየር ኃይል ምድብ አለው።

እስከዚህ ድረስ ሠንጠረዡና የጄኔራሎቹ መጻሕፍት ይስማማሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ወደ ታች ወርደን ክፍለ ጦሮቹን ስንቆጥር ነው። በጠቅላላው ወደ 150 የሚሆኑ የጀርመን ክፍለ ጦሮች ለዘመቻው ተመድበዋል። ከእነዚህ ታንከኞቹ 19 ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ በተጠባባቂነት ቀርተው በመጀመሪያው ቀን በአራቱ ቡድኖች ውስጥ የተሰለፉት 17 ናቸው። በተሽከርካሪ የሚጓዙት እግረኞች ቢደመሩባቸው እንኳ ከጠቅላላው ሩቡን አይሞሉም። ደግሞም ከፈረንሳይ ዘመቻ በኋላ የታንከኛ ክፍለ ጦሮች ቁጥር እጥፍ የሆነው ታንኩ እጥፍ ሆኖ አይደለም። ለእያንዳንዱ ክፍለ ጦር የሚደርሰው ታንክ ተቀንሶ ነው። አንድ እንጀራ ለሁለት ቆርሶ ሁለት እንጀራ ነው እንደማለት ያለ ሒሳብ ነው።

የቀረውስ? የቀረው በእግሩ ይሄዳል። አንድ የጀርመን እግረኛ ክፍለ ጦር ወደ 17,000 ሰውና ወደ 5,000 ፈረስ ነበረው። መድፉን የሚጎትተው ፈረስ ነው፤ ስንቁን የሚያጓጉዘው በፈረስ የሚሳብ ጋሪ ነው። በጠቅላላው ድንበሩን የተሻገሩት ፈረሶች ከ600,000 በላይ ነበሩ። ታንኮቹ ግን ከ4,000 አይሞሉም። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ታንክ ከ150 የማያንስ ፈረስ ይደርሰዋል ማለት ነው። «የሃያኛው ክፍለ ዘመን ዘመናዊ ጦር» የተባለው ባመዛኙ ናፖሊዮን በ1812 ወደ ሞስኮ እንደዘመተው ጦር በእግርና በጋማ ከብት የሚጓዝ ነበር።

ይህ ለወግ ያህል የሚነሣ ዝርዝር አይደለም። የዘመቻው ዕጣ የተጻፈው እዚህ ላይ ነው። ታንከኛው በቀናት ውስጥ ሚንስክን ሲከብ እግረኛው ገና በአሸዋማው መንገድ ላይ ነበር። በሁለቱ መካከል በተከፈተው ክፍተት ከከበባው ያመለጠው የሶቪየት ወታደር ብዙ ነው። ስንቅና ትጥቅ አቅራቢዎቹ አስቀድመው ያሰሉት ከድንበር እስከ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ጦርነቱ ያልቃል ተብሎ ታስቧል። የሩሲያ የባቡር ሐዲድ ደግሞ ከአውሮፓው በ9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሰፋ የጀርመን ባቡር አይሄድበትም። ስለዚህ ሐዲዱ እየተነቀለ በልኩ መተከል ነበረበት። ጦር በጓዙ ይታወቃል፤ የዚህ ጦር ጓዝ ገና ከመነሻው ከአሳቡ ያነሰ ነበር።

ጉደሪያን የተካነበትና የዘለለው

ለጉደሪያን የሚገባውን እንስጠው። እንቅስቃሴን መጻፍ ያውቅበታል። ወንዝ ሲሻገር፣ ድልድይ ሲይዝ፣ ከአለቃው ከፎን ክሉገ ጋር ሲነታረክ፣ አንባቢው አብሮት ይጋልባል። አንዳንዱ ትዝብቱም ከልብ የማይጠፋ ነው። ከወረራው በፊት የሶቪየት መኮንኖች የጀርመንን የታንክ ፋብሪካዎች እንዲጎበኙ ተፈቀደላቸው። እንግዶቹም ያዩት ታንክ ከጀርመን ታንኮች ሁሉ ከባዱ መሆኑን አላምን አሉ። ጉደሪያን ከዚህ ተነሥቶ ሩሲያውያኑ ሳይበልጡን አልቀሩም ብሎ መጠርጠሩን ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ ሶቪየቶች 10,000 ታንክ አላቸው ብሎ ጽፎ ነበር። ሂትለር በኦገስት 1941 ቁጥሩ እውነት መሆኑን ባምን ኖሮ ይህን ጦርነት ባልጀመርኩ ነበር እንዳለውም ይተርካል።

ጥሩ ትረካ ነው። ግን የትረካውን አካሄድ ልብ እንበል። ጥፋቱ ሁልጊዜ የሌላ ነው፤ የሂትለር ነው፣ የክሉገ ነው፣ የጭቃው ነው፣ የብርዱ ነው። ፈረሱና በእግሩ የሚማስነው እግረኛ ለጉደሪያን ዘግይተው የሚያናድዱ ነገሮች እንጂ የራሱ ጦር አካል አይደሉም። ሦስት አራተኛው ሠራዊት እንደማይደርስበት እያወቀ መገስገሱ ለእርሱ ጀግንነት ነው። ዕቅዱ የራሱን እግር የማይጠብቅ ሰው ዕቅድ መሆኑን ግን አንዴም አይጠይቅም። ሽንፈትን በሰው ላይ ማላከክ ለትዝታ ጸሐፊ ትልቅ ምቾት ይሰጣል። «የጠፉ ድሎች» የሚለው የማንሽታይን ርዕስ ራሱ ይህንኑ ይናገራል፤ ድሉ የእኛ ነበር፣ ያጠፋብን ሌላ ነው።

ከሠንጠረዡ ግርጌ

እስካሁን ያልነው የችሎታ ጉዳይ ነው ይባል። ቀጥሎ ያለው ግን የኅሊና ጉዳይ ነው።

በሠንጠረዡ ግርጌ አራት ትናንሽ ክፍሎች አሉ። አይንዛትስግሩፐን ይባላሉ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ተብለው ተሰይመዋል። ሁሉም ተደምረው ወደ 3,000 ሰው ቢሆኑ ነው፤ በሦስት ሚሊዮን መካከል ከቁብ የሚገቡ አይመስሉም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እንደ ፊደላቸው ተራ ከሰሜኑ፣ ከማዕከሉና ከደቡቡ የሠራዊት ቡድን ጋር ተመደቡ፤ ዲ ደግሞ ከ11ኛው ጦር ጋር። ሥራቸው መግደል ነበር፤ በመጀመሪያ ደረጃ አይሁድን። የምድር ጦሩ ዋና አዛዥ ፎን ብራውኪች ኤፕሪል 28 ቀን 1941 በፈረመው ትእዛዝ ነገሩ በግልጽ ተደልድሏል። የግድያ ትእዛዛቸውን ከኤስ ኤስ ይቀበላሉ፤ በጉዞ፣ በቀለብና በማደሪያ ግን በጦሩ ሥር ይሆናሉ። ነፍሰ ገዳዩ የሚበላው የጦሩን ዳቦ ነው ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ሁለት ትእዛዞች ተጨመሩ። የሜይ 13ቱ ወታደር በሲቪሉ ሕዝብ ላይ ለሚፈጽመው ወንጀል መከሰሱን ግዴታ ከመሆን አወጣው። የጁን 6ቱ ደግሞ የተማረኩ የሶቪየት ኮሚሳሮች እንዲረሸኑ አዘዘ። ኮሚሳር የሚለው ቃል በደርግ ዘመን ጦር ውስጥ ለነበረ ሰው እንግዳ አይደለም፤ የማን ሞት እንደታዘዘ ትርጓሜ አያሻውም። ሁሉም የተዘጋጀው የመጀመሪያው ጥይት ከመተኮሱ በፊት ነው። በጦርነት ግለት የመጣ ጭካኔ ነበር ለማለት ቀኖቹ አይፈቅዱም።

ጉደሪያን የኮሚሳሩ ትእዛዝ ከታንከኛ ቡድኔ ከቶ አልደረሰም ብሎ ጽፏል። ጀርመናዊው የታሪክ ምሁር ፌሊክስ ሮመር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ጥናት የጦሩን መዛግብት አገላብጦ ትእዛዙ በምሥራቁ ግንባር ለተሰለፉት ክፍሎች በሰፊው መድረሱንና በአብዛኞቹም መፈጸሙን አሳይቷል። በራሱ በጉደሪያን ሥር ከነበሩ ክፍሎች የተላኩ የመረሸን ሪፖርቶችም ተገኝተዋል።

የማንሽታይን ይብሳል። ከሴፕቴምበር 1941 ጀምሮ 11ኛውን ጦር የመራው እርሱ ነው። ከዚያ ጦር ጋር የተመደበው የዲ አዛዥ ኦቶ ኦሌንዶርፍ ክፍሉ በአንድ ዓመት ውስጥ 90,000 ያህል ሰው መግደሉን በኑረምበርግ ችሎት ፊት ተናግሯል። ማንሽታይን ኖቬምበር 20 ቀን 1941 «የአይሁድ ቦልሼቪክ» ሥርዓት ከሥሩ መነቀል አለበት የሚል ትእዛዝ በስሙ አውጥቷል። ወረቀቱ በችሎት ሲቀርብለት ግን አላስታውስም አለ። እ.ኤ.አ. በ1949 የእንግሊዝ ወታደራዊ ፍርድ ቤት 18 ዓመት ፈረደበት፤ ተቀንሶለት በ1953 ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ መጽሐፉ ታተመ። የዘመቻዎቹን ካርታ በዝርዝር የሚያስታውስ ሰው ፊርማውን መርሳቱ የሚገርም የማስታወስ ችሎታ ነው።

የቀሩትን የመለሱ ደራሲያን

ጄኔራሎቹ የጎደሉትን ፈረሱንና ሟቹን ወደ ታሪኩ የመለሱት ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የኢጣልያዊው ኩርዚዮ ማላፓርቴ «ካፑት» በ1944 ታተመ። ይህ ሰው ለእኛ ባዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1939 አገራችን በፋሺስቶች እጅ ሳለች የጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ ዞሯታል። መጽሐፉን በስድስት ክፍል ከፍሎ ሁሉንም በእንስሳት ስም ሰይሞ የመጀመሪያውን «ፈረሶቹ» ብሎታል። ከደን ቃጠሎ የሸሹ የሶቪየት መድፈኛ ፈረሶች ላዶጋ ሐይቅ ገብተው ውኃው በቅጽበት ሲረጋባቸውና ጭንቅላታቸው ከበረዶው በላይ ቀርቶ ሲታይ የሚተርክበት ቦታ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ሆኗል ብሎ ማመን ይከብዳል፤ ማላፓርቴ ማጋነን ይወዳል፣ ፋሺስትም ነበር። ሆኖም በዚህ ያልታመነ ትረካ ውስጥ የጉደሪያን የታመነ መጽሐፍ የሌለው አንድ እውነት አለ፤ ይህ ጦርነት የሥጋና የደም እንጂ የብረት ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያው ክረምት ከ100,000 በላይ የጀርመን ጦር ፈረሶች አልቀዋል።

ቫሲሊ ግሮስማን ከዚህ ይልቃል። እናቱ በዩክሬን ቤርዲቼቭ ከተማ በሴፕቴምበር 1941 ከሌሎች አይሁድ ጋር ተገደለች። ቦታው በደቡቡ የሠራዊት ቡድን ደጀን ነው፤ የሲ ክልል ነው። «ሕይወትና ዕጣ» በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ አንዲት የዓይን ሐኪም እናት ከታጠረው የአይሁድ ሰፈር ሆና ለልጇ የምትጽፈው ደብዳቤ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይዟል። ታንክ የለበትም፤ ጎረቤት አለ፣ ዕቃ መሸከፍ አለ፣ መሰናበት አለ። በሠንጠረዡ ግርጌ የተጻፈችው ፊደል ከተማ ስትገባ ምን እንደምትመስል የሚያሳየን ይህ ደብዳቤ ነው። መጽሐፉን የሶቪየት የጸጥታ መሥሪያ ቤት በ1961 ወረሰው፤ ደራሲው በ1964 ሞተ፣ መጽሐፉ በስዊዘርላንድ የታተመው በ1980 ነው። የጄኔራሎቹ መጽሐፍ በዓመታት ውስጥ ዓለምን ሲዞር የሟች ልጅ መጽሐፍ ሃያ ዓመት ታስሮ ቆየ።

ታዲያ ጄኔራሎቹን አናንብብ ማለት ነው? አይደለም። እናንብባቸው፤ ግን ሠንጠረዡን ከጎናቸው ዘርግተን። በእኛም አገር ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የጦር ሜዳ ትዝታ የጻፉ መኮንኖች በርክተዋል፤ መጻፋቸው ደግ ነው፣ ሊበረታታ ይገባል። ነገር ግን ማንም አዛዥ ድሉንና የአለቃውን ስሕተት ሲተርክልን ሦስት ነገር መጠየቅ ልማድ ይሁነን። ጓዙን ማን ተሸከመው? ከሰልፉ ኋላ የተከተለው ማን ነበር? እርሱንስ ማን ያበላው ነበር? መልሱን መጽሐፉ ውስጥ ካጣነው የጎደለው ገጽ የትኛው እንደሆነ አወቅን ማለት ነው።