ሦስት እጅ ቀለም

እኛ አገር ማሽን ራቁቱን አይቆምም። ትዝ ይላችሁ እንደሆነ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ሬዲዮ ከሱቅ ወደ ቤት ሳይገባ ቆዳ ሰፊ ዘንድ ይሄድ ነበር። ለድምፁ መውጫ ቀዳዳ ይበሳለታል፣ ማንገቻ ይሰፋለታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ባለቤቱ ትከሻ ላይ ወጥቶ ገበያ የሚውለው። ቴሌቪዥን ሲመጣ ዳንቴል ለበሰ። ኮምፒውተር መሥሪያ ቤት ሲገባ ደግሞ ጸሐፊዋ በልኩ ያሰፋችለት ልብስ ነበረው፤ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን እንደ ሕፃን ሸፋፍናው ትወጣለች። አይሱዙው ዘርፍ አለው፤ ባጃጁ የኳስ ቡድን አርማና የንጉሥ ፎቶግራፍ አለው። በባጃጅ ላይ ስለሚለጠፉ ጥቅሶች ብዙ ስለተጻፈ አልመለስበትም።

ይህን ሁሉ «ኋላ ቀርነት» እያልን ስንስቅበት ኖረናል። እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ቅርጽና ይዘት እያልኩ ተማሪ ሳሰለች የኖርኩ ሰው ነኝና ሽፋን ላይ መሳቅ አይሆንልኝም። ሰው ለዕቃው የሚያለብሰው ልብስ፣ ዕቃውን ምን አድርጎ እንደሚያየው ይናገራል። ስለዚህ ዛሬ ሂስ የምሰጠው በመጽሐፍ ላይ አይደለም። ቀለም በተቀባ የኮምፒውተር ሳጥን ላይ ነው። ቆይ አትሳቁ።

ሳጥኑ ያለው ደብረ ታቦር፣ እህቴ ቤት፣ ከቡፌው ጎን ነው። ሠሪው ልጇ ነው፤ «ሰርቨር» ይለዋል። ሰርቨር ማለት በኛ አማርኛ አሳላፊ ማለት ነው፤ ድግስ ላይ ራሱ ሳይበላ ለሌላው የሚያቀርበው ሰው። ስክሪን የለውም፣ ኪቦርድ የለውም። የቤቱ ሰው በየስልኩ ሲጠይቀው ፊልሙን፣ መጽሐፉን፣ ፎቶውን በዋይፋይ ያቀርባል። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ይህ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ «እኔ እኮ ሁሉን ነገር ደመና ላይ ነው ያስቀመጥኩት» ሲል የነበረ ሁሉ፣ ቀና ብሎ ደመናውን ከማየት በቀር የሚያደርገው አጣ። ደመና እንደሆነ በደብረ ታቦር ክረምት ሞልቷል። የእህቴ ልጅ ሳጥኑን መሥራት የጀመረው በዚያው ክረምት ነው።

ሳጥኑ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ አሮጌ ነው፤ ያ ሁላችንም የምናውቀው፣ አዲስ ሳለ የአጥንት መልክ የነበረው፣ በጊዜ ብዛት ሻይ የተደፋበት የሚመስለው ዓይነት። ልጁ ላሜራውን ፈታ፤ የሆድ ዕቃውን ሁሉ አወጣ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ ቅባቱን በቲነር አጠበው፣ ዝገት የሚከላከለውን መነሻ ቀለም ቀባው፣ ሲደርቅ እንደገና ፈገፈገው። ከዚያ በኋላ ባጃጅ ከሚቀባ ጋራዥ ወስዶ በኮምፕረሰር ሊያስነፋው ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን የደብረ ታቦር ክረምት ቀለም ለማድረቅ የተፈጠረ አይደለም። በእርጥብ አየር የተነፋ ቀለም ፊቱ ላይ ጉም የተኛበት መስሎ ይነጣል። ስለዚህ መስከረም እስኪጠባ ጠበቀ። ሲጠባ ሦስት እጅ አስነፋው፣ እያንዳንዱን እጅ ስስ አድርጎ፣ መሐል ላይ እያደረቀ። በዚህ ትዕግሥቱ አደንቀዋለሁ። ቀለም ቀቢ ሁሉ እንዲህ ቢጠብቅ የስንታችን በር ባልተላጠ!

የውጪው ገጽ ግን አልጣመኝም። መደቡ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ እሱስ ደኅና፣ የጉናን አቀበት የመስከረም መልክ ያስታውሳል። በጎኑ ላይ ግን አፄ ቴዎድሮስ ቆመዋል፤ ያው ሹርባ፣ ያው አተኩሮ የሚያይ ዓይን። አጠገባቸው መድፍ አለ። ፊቴን አይቶ «ጋፋት እዚሁ አይደል እንዴ ጋሼ!» አለኝ። ነው እንጂ። ጋፋት ከከተማው አፍንጫ ሥር ናት፤ ሴባስቶፖል የፈሰሰው እዚያ ነው፤ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ብረት በ1860 ዓ.ም. ገደል ለገደል ተጎትቶ መቅደላ የወጣውም ከዚያ ተነሥቶ ነው። ነገር ግን በደብረ ታቦር ብረት በተነሣ ቁጥር ሴባስቶፖልን መጥራት ልማድ ሆኖብናል፤ ልማድ ሲሆን ደግሞ መድፉ ማኅተም ይሆንና ዓይን ማረፊያ መሆኑ ይቀራል። ያ ምስል ባጃጁ ላይ፣ ካናቴራው ላይ፣ ፎቶ ቤቱ መጋረጃ ላይ ያለው ነው። የልጁ እጅ የለበትም። ተማሪ ድርሰቱን በተረት ሲጀምር እንደማለት ነው፤ ተረቱ ጥፋት የለበትም፣ ጸሐፊው ግን ገና አፉን አልከፈተም።

ነገሩ የተለወጠብኝ ክዳኑን ሲከፍተው ነው። ውስጡን ቀይ ቀብቶታል! የደረቀ በርበሬ ቀይ፤ ማዕዘኑ ሳይቀር በጥንቃቄ የተቀባ። «ይህንን ማን ሊያየው?» ብለው፣ «እኔ አየዋለሁ» አለ።

የብራና መጽሐፍ የያዘ ሰው ይህን መልስ ያውቀዋል። የብራናው ገበታ እንጨት ነው፤ በላዩ ቆዳ ይለብሳል፣ በቆዳው ላይ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ይታተምበታል። ያ ለተመልካች ነው። ገበታውን ገልጣችሁ ውስጡን ብታዩ ግን፣ ታጥፎ የተጣበቀው ቆዳ መሐሉ ላይ በተወው ክፍት ቦታ ቁራጭ ጨርቅ ተለጥፎ ታገኛላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ በነጋዴ እጅ የመጣ፣ አበባ ወይም ጥልፍ ያለበት። ለገላጩ ብቻ የተቀመጠ ነው። ከዚያ መጽሐፉ እንዳለ ማኅደሩ ውስጥ ይገባና በማንገቻው ችካል ላይ ይሰቀላል። ማኅደር ማለት ማደሪያ ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን ቃሉን ወስደው የሠራተኛን ፋይል «የግል ማኅደር» አሉት፤ እንዲህ እያለ የልብሱ ስም ለገላው ተረፈ። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ሳጥን የማኅደሮች ማኅደር ነው ብንል ከቋንቋ አንጻር የሚከሰን የለም።

የደቡብ ጎንደር ሰው ውስጥና ውጪ ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ ጋይንት ያለችውን ቤተ ልሔምን፣ የድጓ ማስመስከሪያዋን፣ ቢያስብ አይፈረድበትም። ከሩቅ ለሚያያት እንደ ማናቸውም የደጋ ቤተ ክርስቲያን ክብ ሆና፣ ሣር ለብሳ የኖረች ናት። በዚያ ሽፋን ውስጥ ግን ሌላ፣ እጅግ የቀደመ፣ አራት ማዕዘን የድንጋይ ሕንፃ አለ። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓክንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ሄዶ አየና ለአገሩ አንባቢ «አገኘኋት» ብሎ ጻፈ። ለሚያስቀድሱባት ሰዎች ጠፍታባቸው አታውቅም።

ወደ ሳጥናችን። ቀለም ለማሽን ያለ ቦታው ከገባ ጉዳት ነው። ማዘርቦርዱ የሚታሰርባቸው ብሎኖች ሥርና የኃይል ሰጪው ብረት ከላሜራው ጋር የሚነካካበት ቦታ ከተቀባ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ይታወካል። ልጁ እነዚህን ቦታዎች በፕላስተር ሸፍኖ ነው ያስነፋው፤ ጎበዝ። ሌላው አየር ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ብርዱ ለማሽን መድኃኒት ይመስላል፤ ዳሩ ግን አየሩ ስስ ነው። በባሕር ጠለል ካለው አየር ሩብ ያህሉ እዚህ የለም፤ ስለዚህ ማራገቢያው እኩል ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ሃርድ ዲስክም ቢሆን፣ የማንበቢያው ራስ በሚሽከረከረው ሳህን ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ነው፤ አምራቾቹ ለተለመደው ዲስክ ብዙ ጊዜ ዋስ የሚሆኑት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ታቦር ለጥቂት አለፈች። ጉና ራስ ላይ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ፣ ሰርቨር እተክላለሁ የሚል ካለ ግን ሌላ ዓይነት ዲስክ ይፈልግ።

እህቴ ይህን ሁሉ ማን ነግሯት! ሳጥኑ ከጋራዥ በተመለሰ በሳምንቱ ዳንቴል ሠራችለት፤ ነጭ፣ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን። በማግሥቱ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ጮኸ። ልጁ ዳንቴሉን ገፈፈ፤ እናት ተቀየመች። ፍርድ ስጥ ብትሉኝ ሁለቱም ልክ ናቸው። መንገዱ ኮረኮንች በሆነ ሰፈር፣ በጋውን ሙሉ አቧራ ሲቦን በሚውልበት ቤት፣ ይሸፈን ማለት አለማወቅ አይደለም። ይተንፍስ ማለትም አለማክበር አይደለም። ኋላ ታረቁ፤ ዳንቴሉ ቀዳዳ የሌለው ጣራ ላይ ብቻ ቀረ፤ ፊት ለፊት ባለው የአየር መግቢያ ላይ ደግሞ ከእሷው አሮጌ ነጠላ የተቆረጠ ስስ ጨርቅ ተወጠረበት፤ በየሁለት ሳምንቱ ታጥቦ ይመለሳል። ለእኔ ከሳጥኑ ጌጥ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ሥራ ይሠራል፣ ደግሞም የዚያ ቤት ነው፤ ሌላ ባጃጅ ላይ አታገኙትም።

ፈረንጅም ቢሆን በዚህ ነገር የተሻለ እንዳይመስላችሁ። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1996 ስታንፎርድ ሆነው ኋላ ጉግል የተባለውን ሲጀምሩ፣ እያንዳንዳቸው 4 ጊጋባይት የሚይዙ አሥር ዲስኮችን የደረደሩት ሌጎ በሚባለው የልጆች መጫወቻ በተሠራ ሳጥን ውስጥ ነበር። ያ ሳጥን ያማረው ልመር ብሎ ስላልተነሣ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1998 አፕል አይማክን ብርሃን በሚያሳልፍ ሰማያዊ ፕላስቲክ አልብሶ አወጣው፤ ያ የአጥንት መልክም ከየጠረጴዛው መሰናበት ጀመረ። አሁን ደግሞ ጎኑ መስታወት፣ ሆዱ የሠርግ አዳራሽ የሆነ፣ ቀይ ሰማያዊ ወይን ጠጅ እያለ የሚንቦገቦግ ሳጥን መጥቷል። የእህቴ ልጅም መብራት ሊጨምርበት ገንዘብ እያጠራቀመ ነበር። ተቃወምኩ። መብራት በሄደ ቁጥር ዲስኩን የሚያተርፈው የዩፒኤስ ባትሪ ነው፤ ያቺ ባትሪ ለጭፈራ አትባክንም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ልብሱ ነው። ገላውስ? በቀዩ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ በነጭ ቀለም፣ ደኅና አድርጎ በጣለው ፊደል፣ ልጁ ዲስኩ የያዘውን ጽፏል፦ ፎቶ። መጽሐፍ። ፊልም። የአባባ ድምፅ። የመጨረሻው የአያቱ ነው፣ በአባቱ በኩል ያሉት። ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ መሪጌታ ነበሩ። ከማረፋቸው በፊት ልጁ ማታ ማታ በስልክ ሲቀዳቸው ከርሟል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ያህል ይሆናል። ዜማው አለ። የቆሎ ተማሪ ሳሉ እንዴት ከውሻ ጋር እንደተዋጉ፣ የትኛዋ ባለእጅ ሴት ቁራሽ እንደማትነፍግ፣ የትኛው ጓደኛቸው በብርድ እንደቀረ ይናገራሉ። መሐል ላይ ላም ትጮሃለች፤ «ዝም በሏት» ይላሉ፤ ከዚያ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

«ሌላው ቅጂ የት ነው?» አልኩት።

«እዚሁ ነው ጋሼ።»

«ስልኩስ?»

«ስልኩማ ተሰርቋል።»

እንግዲህ ሂሴ ይሄ ነው። ሳጥኑ ሦስት እጅ ቀለም ጠጥቷል፤ የመሪጌታው ድምፅ ግን አንድ ቅጂ ነው። ማኅደር መጽሐፍን ከጭስና ከዝናብ ይጠብቃል፤ ከመጥፋት የጠበቀው ግን ቁም ጸሐፊው ነው። ዳዊት እዚህ የደረሰው የአንዱ ገበታ ስለጠነከረ አይደለም፤ አንዱ ደብር ሲቃጠል በሌላው ደብር ሌላ ዳዊት ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ብራናዎቻችን በማይክሮፊልም ሲነሡም በዚሁ ሐሳብ ነበር፤ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ገባ። ከ8,000 በላይ መጻሕፍት እንዲህ ተነሥተዋል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዓመታት ሙሉ ተቀምጠው ዝርዝራቸውን ያዘጋጁትም ከዚያው ፊልም ላይ ነው።

ልጁ በቀላሉ አልተረታም። «ዲስኩ እኮ አዲስ ነው» አለ። ሕፃንም ይሞታል አልኩት። «ሁለት ዲስክ እዚሁ ሳጥን ውስጥ ብጨምርስ? አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይተካል።» ይተካል፤ ነገር ግን አንድ መብረቅ ሁለቱንም ያገኛቸዋል፤ አንድ ሌባ ሁለቱንም ይሸከማቸዋል። የደጋ ልጅ ሆኖ ስለ መብረቅ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ለጌጡ መብራት የተጠራቀመው ገንዘብ ሁለተኛ ዲስክ ሆነ። ማደሪያውም ሌላ ቤት፣ ሌላ ከተማ እንዲሆን ተስማማን፤ ወረታ፣ አክስቱ ዘንድ። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል፣ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ፤ ለዲስኩም አየሩ ወፈር ይልለታል። ያለ ልብስ እንደማይሄድ ግን እህቴ አስቀድማ አስታወቀች። ጠቅልላ ይዛው ገበያ፣ ቆዳ ሰፊ ዘንድ ሄደች። ሰውዬው ከነመጠቅለያው በእጁ መዘነው፣ በጣቱ ለካው፤ ውዳሴ ማርያም መስሎታል።

«ማንገቻ ይኑረው?» አላት።

«ይኑረው» አለችው።