ከመስቀሉ ሥር ያሉት ድመቶች

ላውዝ በአየርላንድ ካሉት አውራጃዎች ሁሉ በቆዳ ስፋት ትንሿ ናት። አብዛኛው ቱሪስት ወደ ምዕራቡ ገደልና ውቅያኖስ ሲጣደፍ አልፏት ይሄዳል። ድሮጌዳ ከተማ አጠገብ ግን ሞናስተርቦይስ የሚባል ጥንታዊ ገዳም አለ፤ ጣሪያቸው የወደቀ አብያተ ክርስቲያናት፣ መቃብሮች፣ 28 ሜትር ገደማ የሚረዝም ክብ ግንብ። ግንቡ በ1097 እ.ኤ.አ. ከነመጻሕፍቱ ተቃጥሏል። እኔን እዚያ ያቆመኝ ግን የሙሬዳክ መስቀል ነው።

ቁመቱ 5 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ግንዱና ባለ ቀለበቱ የመስቀሉ ራስ ከአንድ ወጥ የአሸዋ ድንጋይ ተፈልፍለዋል፤ መሠረቱና ጫፉ ላይ ያለው የቤት ቅርጽ ክዳን ብቻ ለየብቻ ተጠርበዋል። ከሺህ ዓመት በላይ ዝናብ ወርዶበት የተቀረጹበት ወታደሮች ሪዝ እንኳ ዛሬም ይለያል። ጠራቢው ምስሎቹን በድንጋዩ ገጽ ላይ ጭሮ አልተዋቸውም፤ ዙሪያቸውን በመሮ ቆፍሮ ነው ያወጣቸው። ስለዚህ ትከሻቸው ክብ ነው፣ ጉንጫቸውም ሥጋ አለው። ታሪኮቹ የሞሉት በምሥራቅና በምዕራብ ፊቱ ላይ ስለሆነ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ፀሐይ ከደቡብ ስትመጣ ሁለቱንም በጎን ታብሳቸዋለች፤ ያኔ እያንዳንዱ እጥፋት ጥላ ያበጃል።

በምዕራብ ፊቱ ታችኛ ክፍል ሁለት ሰይፍ የታጠቁ ሰዎች ክርስቶስን ግራና ቀኝ ይዘውታል። የክርስቶስ ካባ በትልቅ ክብ የደረት ጌጥ ተቆልፏል፤ የዘመኑ አየርላንዳዊ መኳንንት አለባበስ ነው። በምሥራቁ በኩል የፍርድ ቀን ነው። ቅዱስ ሚካኤል ነፍስ ይመዝናል፤ ዲያብሎስ ከሥር በጀርባው ተንጋሎ ሚዛኑን ወደ ራሱ ሊያደላ ሲታገል፣ መልአኩ በዘንጉ የዲያብሎስን ራስ ወግቶ ይዞታል። እንዲህ ያለ ትግል በዚያች ጠባብ ቦታ ማስገባቱ ብቻ አይደለም የሚገርመው፤ ማን ምን እያደረገ እንደሆነ ከመሬት ቆሞ መለየት መቻሉ ነው።

ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ወደ ሰሜን ጎኑ ይዙር። ጫፉ ላይ አባ እንጦንስና አባ ጳውሊ ኅብስት ይቆርሳሉ። ቁራ በየቀኑ ግማሽ ኅብስት ያመጣለት የነበረው ባሕታዊ፣ እንግዳ የመጣ ዕለት ሙሉ የተላከለት፣ የካቲት 2 በስንክሳራችን የሚነበበው አባ ጳውሊ ራሱ ነው። ከግብፅ በረሃ ተነሥቶ ታሪኩ ወደ እኛም ወደ እነሱም ደርሷል። ከመስቀሉ ክንድ ሥር ደግሞ፣ አንገት ካልተሰበረ በማይታይ ቦታ፣ የእግዚአብሔር እጅ ተቀርጿል። ጠራቢው ማን ያየዋል ብሎ አልቸኮለበትም።

ከምዕራቡ ፊት ግርጌ መስቀሉን ላሠራው ለሙሬዳክ እንዲጸለይ የሚጠይቅ ጽሑፍ አለ። ብዙዎች በ920ዎቹ መጀመሪያ ያረፈው አበምኔት ነው ይላሉ። የጠራቢው ስም የለም። ጽሑፉ አጠገብ ግን ሁለት ድመቶች ተጋድመዋል፤ አንዷ ግልገሏን ትልሳለች፣ ሌላዋ ያደነችውን በእግሯ ጨብጣለች። ምን ሊሉ እንደፈለጉ ሊቃውንት ይከራከሩ፤ እኔ ጠራቢው ድመት በደንብ የሚያውቅ ሰው እንደነበር ብቻ ይታየኛል።

ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ 7 ሜትር የሚጠጋው ረጅሙ መስቀል ቆሟል።  ለእኔ ታሪክ ተጨናንቆበታል፤ ምስሎቹንም አየሩ ክፉኛ በልቷቸዋል። ጊዜ ያጠረው ሰው ሙሬዳክ ዘንድ ይቆይ።