«ቀለብ» የሚለው ቃል በቤተ ሰብ ሕግ

ባለ ቅኔ ቃል ቢስት ቅኔው ይበላሻል፤ ሕግ ጸሓፊ ቃል ቢስት ግን ጕዳቱ በጸሓፊው ላይ አይቀርም፥ ሕጉን አንብቦ በማያውቅ ሰው ቤት ይገባል እንጂ። ስለዚህ በ1992 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 213 የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በዳኞች ዘንድ ብቻ ሳይሆን በቋንቋ ዐዋቂዎችም ዘንድ ሊመረመር ይገባዋል።

በመጀመሪያ የሚመሰገንበትን መናገር ደግ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ዐዲሱ ሕግ ግን ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት ሰጥቶ ለሽማግሌዎቹ ማስታረቁን ተወላቸው። ደግሞም በ113ኛው አንቀጽ ዳኛው ፍቺውን ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋራ እንዲኖሩ፥ ትምህርታቸውና ጤንነታቸው፥ ቀለባቸውም እንዴት እንዲሆን፥ ከተለዩት ወላጅ ጋራ እንዴት እንዲጠያየቁ አብሮ እንዲወስን ያዝዛል። «ፈትሐ» በግእዝ ፈታም ፈረደም ማለት ስለ ሆነ፥ ፍቺና ፍትሕ የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው፤ ይህ አንቀጽ የተራራቁትን ወንድማማች አገናኝቷቸዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚያው አንቀጽ ነቀፌታ በቅደም ተከተሉ ነው። የቀድሞው ሕግ ብርቱ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጅ እስከ 5 ዓመቱ ከእናቱ ጋራ እንዲቈይ ይል ነበር። ዐዲሱ ይህን ቍጥር ትቶ ዳኛው እንዲመዝን መፍቀዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚመዘነውን ሲዘረዝር ከወላጆቹ ገቢ ጀምሮ የልጁን ጥቅም በመጨረሻ ያኖረዋል። ደግነቱ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት 36ኛ አንቀጽ የልጁን ጥቅም አስቀድሟል፤ የሰበር ችሎትም በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቍጥር 23632 ይህንኑ መሠረት አድርጎ ፈርዷል።

ከሁሉ የሚበልጠው ስሕተት ግን «ቀለብ» የሚለው ቃል ነው። ቀለብ በአማርኛ የሚበላ ነገር ነው። ለወታደር ይሰፈራል፤ በቅሎም ትቀለባለች፤ ለፋሲካ የሚታረደውም ሙክት ይቀለባል። ሕጉ ግን ከ197ኛው አንቀጽ ጀምሮ በዚህ በአንድ ቃል ምግብንም፥ መኖሪያንም፥ ልብስንም፥ ሕክምናንም፥ ትምህርትንም ጠቅልሎ ይጠራል። ሐሳቡ ሰፊ ነው፥ ልብሱ ጠበበው። በየወሩ የእህሉን ዋጋ ቈጥሮ የሚሰጥ አባት፥ ልጁ ደብተር አጥቶ ከትምህርት ቤት ቢቀር ወይም ታሞ ሐኪም ቤት ቢተኛ «ቀለቡን አላጎደልሁም» ይላል። እንደ አማርኛው እውነቱን ነው፤ እንደ ሕጉ ግን ባለ ዕዳ ነው።

ነገሩ የሚከፋው ባልና ሚስት በስምምነት ሲፋቱ ነው። ስምምነታቸው ከነውጤቱ ለፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲጸድቅ ሕጉ ያዝዛል፤ ወረቀቱን የሚያሰናዱት ሽማግሌዎች ግን «በየወሩ ይህን ያህል ቀለብ» ብለው ቢዘጉት፥ እናቲቱ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ መድኀኒቱ በኋላ ስትጠይቅ ዐዲስ ክርክር ይቈያታል። እርሷም ቃሉን እንደ ባሏ ስለምትሰማው፥ ብዙ ጊዜ ሳትጠይቅ ትቀራለች።

«ቃሉ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነው» የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። ጕዳቱ መታወቁ ነው፤ የማይታወቅ ቃል ቢሆን ኖሮ ሰው ትርጕሙን በጠየቀ ነበር። አማርኛም ቃል አልቸገረውም። ይኸው ሕግ ልጅ ለተቸገሩ ወላጆቹ የሚሰጠውንም ቀለብ ብሎ ይጠራዋል፤ አገሩ ግን ለልጅ ማሳደጊያ፥ ለሽማግሌ መጦሪያ ሲል ኖሯል። ማሳደጊያ ሲባል ፊደል ማስቈጠሩንም፥ ማልበሱንም፥ ማስታመሙንም ማንም ይረዳዋል።

ዐዋጁ እስኪታረም ድረስ የፍቺ ስምምነት የሚጽፉ ሰዎች ከ«ቀለብ» በታች የቤት ኪራዩን፥ የልብሱን፥ የትምህርት ቤቱንና የሕክምናውን ወጪ እያንዳንዱን ከነገንዘቡ ለይተው ሊጽፉ ይችላሉ፤ ሕጉ ይህን አይከለክልም።