«ሶንተር»፦ የእግር ነፃነትና የጊዜ ባለቤትነት

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ያለ ችኮላና ያለ ግዳጅ፣ አካባቢን እየቃኙ መራመድን ከሚገልጹት ቃላት መካከል «ሶንተር» የተሰኘው ግስ በሥነ ጽሑፍ ልዩ ስፍራ ያገኘው በአሜሪካዊው ደራሲ በሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ብዕር ነው። ቶሮ ስለ እግር ጉዞ ያዘጋጀውን ንግግር እ.ኤ.አ. በ1851 በትውልድ ከተማው በኮንኮርድ አሰማ። ንግግሩ በመጽሔት የታተመው ግን በ1862፣ ደራሲው ባረፈ በወሩ ነበር።

ቶሮ ለቃሉ ሁለት ምንጮችን ይጠቅሳል። አንደኛው በመካከለኛው ዘመን ወደ ቅድስት አገር እንሄዳለን እያሉ ምጽዋት ይለምኑ ከነበሩ ሰዎች ስያሜ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው «መሬት አልባ» የሚል ፍቺ ያለው የፈረንሳይኛ ሐረግ ነው። ደራሲው የመጀመሪያውን ይመርጣል። የቋንቋ ሊቃውንት ግን የቃሉ ምንጭ በውል አልታወቀም ይላሉ። ይሁን እንጂ የድርሰቱ ኃይል በቃሉ ታሪክ ላይ የተመሠረተ አይደለም። ግመል እየተጓዘች እንደምታመነዥክ ሁሉ ሰውም እየተራመደ እንዲያሰላስል በመጠየቅ፣ መራመድን ከሰውነት ማጠንከሪያነት ወደ ሐሳብ ሥራነት ከፍ ማድረጉ የቶሮ ታላቅ አስተዋጽኦ ነው።

የድርሰቱ ድክመት የሚታየው ስለ ሌሎች ሰዎች እግር ሲናገር ነው። ቶሮ ለራሱ በቀን ቢያንስ አራት ሰዓት የእግር ጉዞ ያስፈልገኛል ይላል፤ በየሱቃቸው ተቀምጠው የሚውሉትን ባለእጆችና ነጋዴዎች ግን በፌዝ ይመለከታል። ማን እንዳስቀመጣቸው አይጠይቅም። ከኮንኮርድ ብዙ በማይርቀው የሎዌል ከተማ ሴት የፋብሪካ ሠራተኞች በቀን 12 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሠሩ ነበር። የሥራው ቀን በአሥር ሰዓት እንዲወሰን በ1845 ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት አቤቱታ ቢያቀርቡም፣ ለሴቶችና ለሕፃናት ሠራተኞች ሕጉ የወጣው በ1874 ነው። ባርነትን ከሚደግፍ መንግሥት ጋር ላለመተባበር ግብር አልከፍልም ብሎ በ1846 የታሰረ ደራሲ ይህን አለማንሳቱ ያስቆጫል።

ይህ ጉዳይ አማርኛ ተርጓሚንም ይፈትናል። ባለ ጊዜው ይንሸራሸራል፤ መሬት አልባው ይንከራተታል። ሁለቱም ይራመዳሉ፤ አማርኛ ግን አንዱን ከሌላው ለይቶ ይጠራል። ቶሮ ሁለቱን በአንድ ቃል አዋሕዶ ቤት አልባነትን ነፃነት ያሰኘዋል። ተርጓሚው «መንሸራሸር» ብሎ ቢያልፍ የቃሉን ውበት ያተርፋል፤ በውስጡ የተሸሸገውን ጥያቄ ግን ያጣል። ጥያቄውም የሰው ልጅ እግሩን ከማዘዙ በፊት የጊዜው ጌታ መሆን አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ነው።