«ኖስታልጂያ» በአማርኛ፦ ትዝታ ወይስ ናፍቆት?

ተርጓሚ «ኖስታልጂያ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ባገኘ ጊዜ እጁ ፈጥኖ የሚሄደው ወደ «ትዝታ» ነው። ይህ ልማድ ሊመረመር ይገባዋል።

ቃሉ እንግሊዝኛ ሆኖ አልተወለደም። ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1688 በስዊስ ከተማ በባዝል ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁለት የግሪክ ቃላትን፣ «ኖስቶስ»ንና «አልጎስ»ን፣ ማለትም ወደ አገር መመለስንና ሕመምን አጋብቶ የፈጠረው ነው። እንግዲህ ቃሉ በመጀመሪያ የበሽታ ስም ነበር። ሆፈር ከጠቀሳቸው ሕሙማን አንዱ ከበርን ወደ ባዝል ለትምህርት የመጣ ወጣት ሲሆን፣ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ወደ አገሩ ጉዞ ሲጀምር ሕመሙ ለቀቀው። መድኃኒቱ መንገድ ነበር ማለት ነው።

ይህ ተማሪ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አምባ የሚያቀና የቆሎ ተማሪ፣ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ ከእናቱ ቤት ርቆ ዓመታት ይገፋል። ከስማዳና ከእስቴ ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሑመራና ወደ መተማ የሚወርደው ገበሬም እንዲሁ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚሉት «አገሬ ናፈቀኝ» ነው። ትዝታ የማይመለሰውን አምኖ ያዜማል፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ በስሙ የተጠራው በከንቱ አይደለም። ናፍቆት ግን መንገድ ያያል።

የግዕዙም ምስክርነት አለ። «ነፈቀ» መክፈል ነው፤ «መንፈቅ» ግማሽ፣ «መናፍቅ» ልቡ የተከፈለ። በእኔ ግምት ናፍቆትም የዚሁ ቤት ልጅ ነው፤ የናፈቀው ሰው ግማሹ ቀርቷልና። ሆፈር በሁለት ቃል የሰፋውን አማርኛ በአንድ ሥር ይዞታል።

እርግጥ ነው፣ የዛሬው እንግሊዝኛ ቃሉን ለድሮ ዘፈንና ለአሮጌ ልብስ ጭምር አውሎታል፤ በዚያ ቦታ «ትዝታ» ልክ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ባለታሪኩ የሚሻው ያለፈ ዘመን ነው ወይስ ሊደረስበት የሚችል አገር ብሎ መጠየቅ አለበት። በተለይ የልዑል ዓለማየሁን ታሪክ ከእንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው ይጠንቀቅ። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ተወሰደ፤ በ1879 በሊድስ ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ፤ አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውንም ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለም። የዚያን ልጅ ስሜት «ትዝታ» ብሎ የሚጽፍ ብዕር፣ ሳያውቀው መልሱን ከቤተ መንግሥቱ ጋር ይፈርማል።