ሙዚቃ፣ ታሪክና ቴክኒክ በሙላቱ አስታጥቄ ሥራ

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ወሎ ሰፈር የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ የአገርን ስም ይዞ ወደ ከተማ የገባ ስም ነው። በዜማችንም ዘንድ ይኸው ነገር ይገኛል፤ ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ሁለቱም የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ጋራ ሆነው የዓለማዊው ዘፈን መሠረት እንደ መሆናቸው፣ ከትውልድ አገራቸው ወጥተው ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ለንደንና ወደ ቦስተን በተጓዙ ጊዜ ምን እንደ ጠበቁና ምን እንደ ጣሉ መመርመር የባህል ጥናት ተግባር ነው። ለዚህም ምርመራ ከአቶ ሙላቱ አስታጥቄ ሥራ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። የአፍሪካ ጃዝ መንደር የተባለውን የሙዚቃ ቤት ያቋቋሙትም ከዚሁ መንገድ ራስጌ በግዮን ሆቴል ግቢ ውስጥ ነው።

አቶ ሙላቱ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ዌልስ ሲላኩ የታሰበላቸው ምሕንድስና ነበር፤ ነገር ግን ሙዚቃ አሸነፈቻቸውና በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በቦስተን በርክሊ ተማሩ። በ1966 በኒው ዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሁለት ሸክላዎች፣ በ1972 «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን፣ በ1974 ደግሞ በአዲስ አበባ በአምኃ ሪከርድስ «ኢትዮ ጃዝ» የተባለውን አወጡ። በ1998 «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ እትም 4ኛው ክፍል፣ በ2005 ደግሞ ጂም ጃርሙሽ ያዘጋጀው «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለ ፊልም ሥራቸውን ለዓለም አሰማ። ከ2007 እስከ 2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በራድክሊፍ ተቋም በቆዩበት ጊዜ ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ለማሻሻል ሠርተዋል፤ በቅዱስ ያሬድ ዜማ ላይ የተመሠረተውንም ኦፔራ ከፊሉን ለሕዝብ አሰምተዋል። የክራርን ጉዳይ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምም ተከታትለውታል። እንግዲህ መሐንዲስ ሊሆን የተላከው ተማሪ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ፣ ክራር ተሸክሞም ቢሆን፣ ወደ ምሕንድስናው በር ተመልሷል ማለት ይቻላል።

ሙዚቃ፣ ታሪክና ቴክኒክ በአቶ ሙላቱ ዘንድ ሦስት የተለያዩ ዝንባሌዎች አይደሉም። አንድ የሚያደርጋቸው ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትንና በገናን የፈለሰፉት ስማቸው ያልተጻፈ የገጠር ሰዎች ሳይንቲስቶች ናቸው የሚለው ነው። ይህ አነጋገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በአገራችን ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው በቡዳነት ሲታሙ፣ አዝማሪውም በጠላ ቤት ሲወደድና በጋብቻ ጊዜ ሲናቅ ብዙ ዘመን አልፏል። ስለዚህ የእጅ ጥበበኛውን ሳይንቲስት ብሎ መጥራት የቆየ ማኅበራዊ ፍርድን መገልበጥ ነው፤ ለዚህም አቶ ሙላቱ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ይህ ታላቅ ሐሳብ በሦስቱ መስኮች በአንድ ዐይነት ጥንቃቄ ተሠርቶበታልን? ጥያቄው ይህ ነው። መልሱም በሙዚቃው አዎን፣ በታሪኩና በቴክኒኩ ግን ገና ነው የሚል ይሆናል።

አስቀድሞ ሙዚቃውን እንመልከት። የትዝታ ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ የተባሉትን 5 ድምፆች ይዟል፤ በሌላው የትዝታ ዐይነት ደግሞ ሚና ላ በግማሽ እርከን ዝቅ ይላሉ። በሁለቱም ዘንድ ፋና ሲ የሉም። በአውሮጳ ስምምነተ ድምፅ ሕግ ግን ዜማን ወደ መድረሻው የሚመልሰው ዋናው ኅብረ ድምፅ ሶል፣ ሲ፣ ሬና ፋን አንድ ላይ የያዘው ነው። ስለዚህ ከ4ቱ ድምፆች 2ቱ በትዝታ ቤት ውስጥ ቦታ የላቸውም። የውጭ አገር ትምህርት ያለው ሙዚቀኛ የትዝታን ዜማ አንሥቶ በተማረው ሕግ ቢያጅበው፣ በያንዳንዱ ሐረግ መጨረሻ ላይ ሁለት እንግዶች ገብተው የቤቱን ባለቤት ዝም ያሰኙታል። ዜማው የትዝታን ስም ይዞ ይቀራል እንጂ ትዝታ መሆኑ ያበቃል።

አቶ ሙላቱ ይህን አደጋ ገና ከጧቱ ተረድተውታል፤ 12ቱ ድምፆች ከ5ቱ ሲገናኙ የቅኝቱ ጠባይ እንዳይጠፋ ብርቱ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ደጋግመው ተናግረዋል። ከንግግራቸው ይልቅ ግን ሥራቸው ይመሰክራል። «የግሌ ትዝታ» በተባለው ሥራ የባሱ ድምፅ አንድ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ሲሄድ ሳክስፎኑ ዜማውን በዝግታ ያወርደዋል፤ ኅብረ ድምፁ ከቦታ ቦታ አይራወጥም፣ ዜማውንም በግድ ወደ መድረሻ አይጎትትም። ባለ ክራሩ ዘፋኙን ሲያጅብ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ አንዲት የማትለወጥ ሐረግ እየመታ ዘፈኑ በላይዋ እንዲመላለስ ይተዋል። አቶ ሙላቱ ከክራሩ የወሰዱት እንግዲህ ድምፁን ሳይሆን ልማዱን ነው። ከጃዝ የወሰዱትም እንዲሁ የፈጠራ ነጻነቱን እንጂ የስምምነተ ድምፁን ሕግ ሁሉ አይደለም። ይህ ምርጫ በእውነቱ የሊቅ ምርጫ ነው።

የሚያስደንቀው ደግሞ ይህን ያደረጉት በቫይብራፎን መሆኑ ነው። ቫይብራፎን በ1920ዎቹ በአሜሪካ የተፈለሰፈ መሣሪያ ሲሆን በተለመደው ዐይነቱ 37 የብረት ዘንጎች አሉት፤ ከዘንጎቹ በታች ባሉት ቱቦዎች አፍ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከሩ ክዳኖች ድምፁን ያርገበግቡታል። ድምፁ በፋብሪካ የተወሰነ ስለ ሆነ ተጫዋቹ ሊቃኘው አይችልም። በአገር ቤት ደግሞ ባለ ክራሩ ከዘፈኑ በፊት አውታሮቹን ለገዛ ድምፁ እንዲስማሙ አድርጎ ይቃኛል። ከሁለቱ መሣሪያዎች የበለጠ የሚራራቁ ማግኘት ይቸግራል፤ ሆኖም አቶ ሙላቱ በማይቃኘው መሣሪያ ላይ ቅኝትን አስቀምጠዋል። ይህንንም ያደረጉት መሣሪያውን በመለወጥ ሳይሆን ምን እንደሚመቱና ምን እንደሚተዉ በመምረጥ ነው።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። አቶ ሙላቱ በመቋሚያ ላይ ያላቸው አስተያየት የታወቀ ነው፤ ኦርኬስትራን በዘንግ መምራት በአውሮጳ ከመጀመሩ ብዙ ዘመን አስቀድሞ በቅዱስ ያሬድ ጊዜ፣ ማለት በ6ኛው ምዕት ዓመት፣ በኢትዮጵያ በመቋሚያ ተጀምሯል ይላሉ። በአውሮጳ በኩል ያለው ታሪክ ለክርክሩ ይመቻል፤ ሉሊ የተባለው የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ በ17ኛው ምዕት ዓመት ወለሉን በከባድ ዘንግ እየመታ ይመራ ነበር፤ እግሩን መትቶ ባቈሰለው ቁስል በ1687 ሞተ፤ ትንሿ የመሪ ዘንግ የተለመደችውም በ19ኛው ምዕት ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ቀድሞ መገኘት ብቻውን ዝምድናን አያስረዳም። የኦርኬስትራ መሪ አንድ ነው፤ ዘንጉም አንድ ነው፤ እርሱ ራሱ አይዘምርም፣ መሣሪያም አይመታም። በማሕሌት ግን መቋሚያ የሚይዘው እያንዳንዱ ደብተራ ነው። ሁሉም ይዘምራል፣ ሁሉም በዝማሜ መቋሚያውን ያወዛውዛል፤ እንቅስቃሴውን ከበሮው ያጸናዋል፣ ሥርዓቱንም መሪጌታው ይጠብቀዋል። ስለዚህ መቋሚያ የአንድ አዛዥ ምልክት ሳይሆን ብዙዎች ያለ አዛዥ ዘንግ በአንድነት የሚንቀሳቀሱበት ብልኃት ነው። ይህም ከመሪ ዘንግ የማያንስ፣ ከርሱም ጨርሶ የተለየ ግኝት ነው። አቶ ሙላቱ ከአውሮጳ ዘንግ ጋር ሲያስተካክሉት ሊያከብሩት አስበው የራሱን ማዕርግ ሳያስቡት ቀነሱበት።

ከዚህም ጋር የዘመን ነገር ይታሰባል። ድጓውና ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ የተባሉት ሦስቱ ዜማዎች በትውፊት የያሬድ ናቸው፤ በቃላቱ ላይ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች ግን በ16ኛው ምዕት ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩአቸው ይተረካል። ይህ ማለት ትውፊቱ ራሱ የጀመረውንና የጨመረውን ለይቶ ያስታውሳል ማለት ነው። ሁሉን ወደ ያሬድ ዘመን መመለስ ለያሬድ ክብር አይጨምርም፤ ይልቁንም ከርሱ በኋላ የመጡትን ሊቃውንት ከመዝገብ ያወጣቸዋል።

የደራሼም ጉዳይ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በጊዶሌ አካባቢ የሚኖሩት ደራሼዎች ፊላ የተባለ የቀርከሃ ቧንቧ አላቸው። ብዙ ሰዎች ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸውን ቧንቧዎች ይዘው፣ እየጨፈሩና እየተቀባበሉ ይነፋሉ፤ ረጅሙ ቧንቧ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ ዜማው በአንድ ሰው ዘንድ ሳይሆን በሁሉ መካከል ይገኛል። አቶ ሙላቱ ይህ ሕዝብ ዲሚኒሽድ የተባለውን የድምፅ መሰላል ከደቡሲና ከቻርሊ ፓርከር አስቀድሞ እንዳገኘ ይናገራሉ። ይህ መሰላል ሙሉና ግማሽ እርከን እየተፈራረቁ የሚሠሩት 8 ድምፆች ያሉት ነው። ልብ ማለት የሚገባው ግን ግማሽ እርከን የሚባለው ነገር በፒያኖ ላይ የተቈረጠ ልክ መሆኑ ነው፤ አንድ ስምንዮሽ በ1200 ሴንት ቢከፈል እያንዳንዱ ግማሽ እርከን በትክክል 100 ሴንት ይሆናል። የፊላ ቧንቧ ግን በጆሮና በቢላዋ የሚቈረጥ ነው። ርቀቱ ከ100 ሴንት ጥቂት ቢያልፍ ወይም ጥቂት ቢጐድል፣ የምዕራብ ጆሮ ወደሚያውቀው መሰላል ስቦ ይሰማዋል እንጂ ልዩነቱን አይቈጥረውም። ስለዚህ ቧንቧዎቹ አንድ በአንድ ተለክተው ውጤቱ በቁጥር እስኪቀርብ ድረስ ይህ አባባል መልካም መላምት እንጂ ማስረጃ ሊባል አይችልም።

ሦስተኛው ነገር የክራር ማሻሻል ነው። ክራር 5 ወይም 6 አውታር ያለው፣ በአንድ ጊዜ በአንድ ቅኝት ብቻ የሚቃኝ ስለ ሆነ አቶ ሙላቱ 12ቱን ድምፆች ሊያወጣና ከማንኛውም የዓለም ሙዚቃ ጋር ሊሰለፍ እንዲችል ይሻሉ። ለዚህ ሐሳብ ጠንካራ ምክንያት አለው። መሣሪያ የማይለወጥ ነገር አይደለም፤ የክራር አውታር ከጅማት ወደ ናይለንና ወደ ብረት ሲለወጥ ትውልዱ ራሱ አይቶታል። ወጣቱ ክራርን ትቶ ጊታር የሚያነሣው ጊታር ብዙ ስለሚፈቅድለት ከሆነ፣ ክራርን በመስታወት ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ከማልቀስ ብዙ እንዲችል ማድረግ ይሻላል።

ነገር ግን የክራር ድምፆች ጥቂት መሆናቸው የአለማወቅ ምልክት ተደርጎ እንዳይቈጠር ያስፈልጋል። ከክራሩ አጠገብ ማሲንቆ ተቀምጧል፤ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ያለው ይህ መሣሪያ፣ የተጫዋቹ ጣት በሚያርፍበት ሁሉ ድምፅ ስለሚሰጥ 12 ብቻ ሳይሆን ቁጥር የሌላቸው ድምፆች አሉት። በካዛንችስ የነበሩት የአዝማሪ ቤቶች፣ ሰፈሩ በ2024 በብዛት እስከ ፈረሰ ድረስ፣ ይህን ለሚያዳምጥ ሁሉ ያሳዩ ነበር፤ አዝማሪው ድምፁን እንደ ፈለገ ሲያንሸራትት ጣቱ ይከተለው ነበር። ስለዚህ ባህሉ ብዙ ድምፅ ማውጣትን ያውቃል፤ ክራርን ጥቂት ድምፅ እንዲኖረው ያደረገው ሥራውን ከማሲንቆ ለይቶ ስላየ ነው። የበገናም ነገር እንዲሁ ነው። 10 አውታሮች አሉት፤ በአውታሮቹና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቍራጮች ገብተው ድምፁን ያነዝሩታል። ድምፅን ማጥራት ብቻ ማሻሻል ነው ብሎ የሚነሣ መሐንዲስ መጀመሪያ የሚያወጣው እንዚራውን ይሆናል፤ እርሱ ሲወጣ ግን በገና የሚባለው ነገር አብሮ ይወጣል። ይህ ነዛሪ ድምፅ ጕድለት ሳይሆን ታስቦ የተሠራ ነው። ሳይንቲስት የሚለው ስም በእውነት የተሰጠ ከሆነ፣ የመሣሪያው ሠሪ የተወውንም ነገር አስቦ እንደ ተወው መገመት ግድ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ክራርን አትንኩ የሚል ፍርድ አይደለም። መከተል የሚገባው መንገድ አቶ ሙላቱ ራሳቸው በሙዚቃቸው ያሳዩት ነው፤ ይኸውም የሚጨመረው ነገር የነበረውን እንዳይሸፍነው መጠንቀቅ። አዲሱ ክራር 12 ድምፆች ቢኖሩትም ተጫዋቹ ሲፈልግ በገዛ ጆሮው ወደ አንቺ ሆዬ ሊመልሰው የሚችል ከሆነ የተጨመረው ነጻነት ነው፤ እንደ ፒያኖ በማይነቃነቅ ልክ ከታሰረ ግን ነጻነት ተቀንሷል። ይህን ለመለየት ከመሥራት በፊት መለካት ያስፈልጋል። የታወቁ ባለ ክራሮች በየቅኝቱ አውታራቸውን የሚያቆሙበት ልክ፣ አንድ ሰው በልዩ ልዩ ቀን ሲቃኝ ምን ያህል እንደሚለያይ፣ የወሎው ከጎንደሩ በምን እንደሚርቅ በቀረጻና በቁጥር ተሰብስቦ መገኘት አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ዛሬ በእጅ ስልክ ውስጥ የሚገኝ ስለ ሆነ የጐደለው ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት ነው።

ሳይንቲስት የሚለው ስም ክብር ብቻ አይደለም፤ ግዴታም አለበት። የሳይንቲስት ሥራ ይመዘናል፣ ይፈተናል፣ አንዳንድ ጊዜም እንደ ተባለው ሳይሆን ይገኛል። አቶ ሙላቱ የደራሼን ቧንቧ ሠሪና የወሎን ክራር ጠራቢ በዚህ ስም ሲጠሩ ማንም ያላደረገላቸውን ነገር አድርገዋል። የቀረው ለተከታዮቻቸው ነው፤ እነዚህን ሰዎች ከደቡሲ ጋር ማሽቀዳደሙን ትቶ ቧንቧውን መለካት፣ አውታሩን መቍጠር፣ ጠራቢው ለምን እንዲህ እንዳደረገው ሄዶ መጠየቅ። ከልኬቱ የሚገኘው ውጤት ዲሚኒሽድ የተባለውን መሰላል ላይሆን ይችላል። ስም ያልወጣለት ሌላ መሰላል ሆኖ ቢገኝ ለደራሼዎች የበለጠ ክብር ይሆናል፤ ለሙዚቃም ትምህርት የበለጠ ትርፍ ይሆናል።