የንግግር ሕክምናን በኢንተርኔት ማስተማር፦ የሚደርሰውና የማይደርሰው

በአሜሪካ የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያ ሆኖ ለመሥራት የማስተርስ ዲግሪ መያዝ የተለመደው መመዘኛ ነው። ይህንን ዲግሪ በኢንተርኔት አማካይነት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ባለፉት ዓመታት እየተበራከቱ መጥተዋል። ከኮርሶቹ ጥቂት የማይባሉትን የሚያስተምሩትም ቋሚ መምህራን ሳይሆኑ፣ ቀን በሆስፒታል ወይም በትምህርት ቤት ሲሠሩ ውለው ማታ ከኮምፒውተራቸው ፊት የሚቀመጡ የትርፍ ጊዜ አስተማሪዎች ናቸው።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን እኛም ዘንድ የሚመለከተው ሰው ብዙ ነው። ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን በቀዶ ሕክምና ይጠገናል፤ ስትሮክ የመታው አባወራ ሕይወቱ ይተርፋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱንም የሚያናግር ባለሙያ ማግኘት ለብዙው ሐኪም አዳጋች ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሙያው የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት መከፈቱ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፣ የባለሙያዎቹ ቁጥር ከአገሪቱ ሕዝብ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። በመሆኑም «በውጭ ያሉ ባለሙያዎች በትርፍ ጊዜያቸው በኢንተርኔት ያስተምሩልን» የሚለው ሐሳብ ማራኪ ሆኖ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ ይህ አሠራር ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያስቀር ለመመርመር እሞክራለሁ።

በቅድሚያ የአሠራሩን በጎ ጎን መመስከር ተገቢ ነው። የአንጎልና የነርቭ አካል ጥናት፣ የሕፃናት የቋንቋ እድገት፣ የምርምር ዘዴና የሙያ ሥነ ምግባር በኢንተርኔት ሊሰጡ የሚችሉ ትምህርቶች ናቸው። የተቀረጸ ፊልም ደግሞ ከመማሪያ ክፍል የሚበልጥበት ጊዜ አለ። አንድ የሚንተባተብ ሰው የትኛው ፊደል ላይ እንደተያዘ፣ ለስንት ሰከንድ እንደቆየ፣ ዓይኑንና አንገቱን እንዴት እንዳደረገ ተማሪው አሥር ጊዜ መልሶ ሊመለከት ይችላል። ከዚህም በላይ የትርፍ ጊዜ አስተማሪው ትናንት ያየውን በሽተኛ ዛሬ በምሳሌነት ያቀርባል። ከሕክምና አልጋ ርቆ ዓመታት ያስቆጠረ ቋሚ መምህር ይህንን ላይችል ይችላል።

ችግሩ የሚጀምረው ትምህርቱ ከመጽሐፍ ወደ ጆሮና ወደ እጅ ሲሻገር ነው።

የዚህ ሙያ ዋና መሣሪያ ጆሮ ነው። በተለምዶ ስልክ የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ «ስ» የሚለው ድምፅ ኃይሉ በአብዛኛው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው። የኢንተርኔት መገናኛዎች ከስልክ የሰፋ ድምፅ ማስተላለፍ ቢችሉም፣ መስመሩ ሲዳከም ድምፁን ያጠብባሉ፤ ጫጫታ ለማጥፋት የተሠራው ዘዴያቸውም ደካማውን የንግግር ድምፅ አብሮ ሊያጠፋው ይችላል። ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ሲናገር በአፍንጫው የምታመልጠው ትንፋሽ እንዲህ ያለች ደካማ ድምፅ ናት። እርሷን ያልሰማ ተማሪ ሕፃኑ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው ወይም የንግግር ልምምድ ይበቃው እንደሆነ ለመለየት ይቸግረዋል።

እጅን በተመለከተ የመዋጥ ችግርን እንውሰድ። ስትሮክ የመታው ሰው ውኃ ሲውጥ ባለሙያው ጣቶቹን በማንቁርቱ ላይ አሳርፎ መቼና ምን ያህል ወደ ላይ እንደሚነሳ ይዳስሳል። ዳሰሳው ብቻውን የምርመራ ማረጋገጫ አይደለም፤ ምግብ ወደ አየር ቧንቧ እየገባ ምንም የማይስሉ በሽተኞች አሉና በራጅ ፊልም ወይም በአፍንጫ በሚገባ ካሜራ መመርመር ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ራጅ በሌለበት ሆስፒታል የሚሠራ ባለሙያ የሚቀረው እጁ፣ ዓይኑና ጆሮው ነው። እነዚህ ያልሠለጠኑለት እንደሆነ የሚከተለው የሳምባ ምች ነው።

አሜሪካኖቹ ይህንን ክፍተት አልዘነጉትም። የሙያ ማኅበራቸው የምስክር ወረቀት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ ያዋለው መመዘኛ አንድ ተማሪ 400 ሰዓት ክሊኒካዊ ልምምድ እንዲኖረው ይጠይቃል። ከዚህ ውስጥ 25ቱ ሰዓት ባለሙያ ሲሠራ መመልከት፣ 375ቱ ሰዓት ደግሞ ከታካሚ ጋር በቀጥታ መሥራት ነው። በአስመስሎ ልምምድ ሊሸፈን የሚችለው ከ75 ሰዓት አይበልጥም። ተቆጣጣሪው ተማሪው ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር ከሚያሳልፈው ጊዜ ቢያንስ 25 በመቶውን መከታተል አለበት። ከምረቃ በኋላም ቢያንስ 36 ሳምንትና 1,260 ሰዓት በአማካሪ ሥር መሥራት ይጠበቃል። በኢንተርኔት የሚማረውም ተማሪ ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ልምምዱን በሚኖርበት አካባቢ ባለ ሆስፒታል ወይም ትምህርት ቤት ያጠናቅቃል።

የእኔ ሂስ የሚያነጣጥረው በሰዓቱ ቁጥር ላይ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። የትርፍ ጊዜ አስተማሪ በአብዛኛው የሚከፈለው በኮርስ ነው። ብዙ ጊዜ የኮርሱን ይዘት ያዘጋጀው ሌላ ሰው ሲሆን፣ እርሱ የሚጠበቅበት የተማሪዎችን የጽሑፍ ውይይት መከታተልና የቤት ሥራ ማረም ነው። የመዋጥ ችግርን ያስተማረ መምህር፣ ተማሪው በሽተኛ ሲያበላ አያየውም። በሽተኛው አጠገብ የቆመው ተቆጣጣሪ ደግሞ ተማሪው ምን እንደተማረ ላያውቅ ይችላል። በመሆኑም ንድፈ ሐሳቡን የሰጠውና ተግባሩን ያየው ሰው ሳይተዋወቁ ተማሪው ይመረቃል። ይህ የአስተማሪው የትጋት ጉድለት አይደለም፤ ከኮርሱ ውጭ የሚሠራውን ሥራ የማይቆጥርለት የአቀጣጠር ሥርዓት ውጤት ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ችግሩ ይበረታል። ኮርሱን በኢንተርኔት ማስመጣት ይቻላል፤ 375ቱን ሰዓት የሚቆጣጠር ባለሙያ ግን በኢንተርኔት አይመጣም። በዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ አለ። በአማርኛ ጠ፣ ጨ፣ ቀ እና ጰ የሚወጡት ማንቁርት ተዘግቶ በአፍ ውስጥ አየር ሲታመቅ ነው። አየሩ በአፍንጫ የሚያመልጥበት ሕፃን በእነዚህ ድምፆች ላይ እንዴት እንደሚቸገር እንግሊዝኛን መሠረት ያደረገ መለኪያ አይነግረንም፤ እንግሊዝኛ እነዚህን ድምፆች የቃል መለያ አያደርጋቸውምና። «ገና» ሲላላ አንድ ትርጉም፣ ሲጠብቅ ሌላ ትርጉም እንዳለው የማያውቅ አስተማሪም ስትሮክ የመታው ሰው ማጥበቅ ማቃቱን ስሕተት ብሎ አይመዘግበውም። በተቃራኒው «ፀሐይ»ን «ጠሐይ» የሚል ሕፃን እንደ አካባቢው አነጋገር ተናገረ እንጂ አልታመመም፤ ይህንን የማያውቅ ሰው ጤነኛውን ሕፃን በሽተኛ ሊያደርገው ይችላል።

ከዚህ በመነሣት በውጭ ባለሙያዎች ድጋፍ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ለመክፈት የሚያስቡ ተቋማት ሦስት ነገሮችን ቢያጤኑ መልካም ነው እላለሁ። አንደኛ፣ ንድፈ ሐሳብ በኢንተርኔት ይሰጥ፤ ድምፅ መለየት፣ አፍና ላንቃ መመርመር፣ የመዋጥ ችግርን መገምገም ግን አስተማሪው በአካል በሚገኝባቸው ሳምንታት ይሰጡ። ለጆሮ ልምምድ የሚሆነውም የቀጥታ ስርጭት ሳይሆን፣ ጥራቱ ሳይቀነስ አስቀድሞ የተቀረጸ ድምፅ ይሁን። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የውጭ አስተማሪ ከአንድ የአገር ውስጥ ባለሙያ ጋር ይጣመር፤ ተማሪው ከታካሚ ጋር ሲሠራ በታካሚው ፈቃድ የተቀረጸውን ሁለቱ አብረው ይመልከቱ፤ ለዚህም ሰዓት በውሉ ውስጥ ክፍያ ይመደብ። ሦስተኛ፣ የመመረቂያ ፈተናው በእውነተኛ ታካሚ ፊት፣ በታካሚው ቋንቋ ይሰጥ።

እነዚህ ወጪ ያስከትላሉ። ሐኪሙ «የንግግር ባለሙያ አይቶታል» የሚል ወረቀት ሲደርሰው ፍለጋውን ያቆማል፤ ታካሚውም ሌላ ቦታ አይሄድም። ስለዚህ በሚገባ ያልሠለጠነ ባለሙያ የሚያደርሰው ጉዳት አንዳንዴ ባለሙያ ባለመኖሩ ከሚደርሰው ጉዳት ሊብስ ይችላል። የሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን ከውጭ ለሚቀርብላቸው የማስተማር እርዳታ ምስጋናቸውን እያቀረቡ፣ ከታካሚው ጎን ማን እንደሚቆም ከወዲሁ መጠየቅ ይገባቸዋል።